ለጊታር ማጉያ ሽማግሌ ስንላክ

አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዳንዱን አሳስቼ ይሆናል። የማጉያው ሽፋን ቡናማ ነበር ወይስ ጥቁር፣ ሱቅ ለሱቅ የዞርነው ረቡዕ ነበር ወይስ ሐሙስ፣ ብትሞግቱኝ አልከራከርም። ሰው ሰባውን ካለፈ በኋላ ትዝታው እንደ አሮጌ ኮት ኪስ ነው፤ የከተተው ነገር በቀዳዳው ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ይገባል። አለ፤ ግን አይገኝም።

በእኛ ከተማ ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ብቻውን አይሄድም። ስለ ዕቃው የሚያውቅ ሰው ይዞ ይሄዳል። የሚያውቅ ሰው ካጣ ደግሞ ሽበት ያለው ሰው ይይዛል። ሽበቱ ስለ ዕቃው ምን ያውቃል? ምንም። ሻጩ ግን ይህን በምን ያውቃል?

የሟች ወንድሜ ልጅ ሰናይትም እኔን የያዘችኝ ለዚሁ ነው። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት በአንድ ማተሚያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ወረቀትና ቀለም እየቆጠርኩ ነው። በዘመድ ዘንድ የምታወቀው በጥንቃቄ ነው፤ እነሱ ፍርሃት ይሉታል። ከቤት ስወጣ የሬዲዮኑን ሶኬት እነቅላለሁ፤ በሩን ቆልፌ ሃያ እርምጃ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን የተናገረው ሰው የሥጋ ዘመዴ ሳይሆን አይቀርም።

ሰናይት ጊታር ተጫዋች ናት። ለሦስት ዓመት በየሰርጉና በየልደቱ ሲጠሯት ብቻ ስትጫወት ኖራ፣ ውቤ በረሃ አካባቢ ያለ አንድ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሊያሠራት ተስማማ። ቋሚ ሥራ ነው፤ የመጀመሪያዋ። የቤቱ ባለቤት ግን አንድ ነገር ነገረቻት፤ ማጉያውን ራሷ ታመጣለች። እስካሁን የምትጫወትበትን ማጉያ ያዋሳት ጓደኛዋ ሽጦት ዱባይ ሄዷል። በአሥር ቀን ውስጥ ካላገኘች፣ የራሱን ዕቃ በሙሉ ተሸክሞ የሚመጣ ኦርጋን ተጫዋች ደጅ እየጠና ነው። ልጅቷ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። የምታለቅስ ልጅ አይደለችም፤ ጥፍሯን ነው የምትበላው። ጊታር ተጫዋች ጥፍሩን ከበላ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

ሄድን። ፒያሳ ከፈረሰው የተረፉትን ሱቆች አንድ በአንድ አዳረስን። የመጨረሻው ባለሱቅ ስንት ዋት እንደምንፈልግ ጠየቀኝ። ዋት የማውቀው በአምፖል ነው፤ አርባው ለጓዳ፣ ስድሳው ለሳሎን፣ መቶው ለድንኳን። ይህንኑ ነገርኩት። ሳቀና ሦስት ማጉያ አወጣልን። አንዱን ሰናይት ስትነካው የመደርደሪያው ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ፤ እሱን ለማንሳት ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ለመግዛት ደግሞ ሌላ ሕይወት። ሁለተኛው በአንድ እጅ ይነሳል፤ ድምፁ ግን ጄሪካን ውስጥ የገባች ትንኝ ነው። ሦስተኛው የዝናብም የባቡርም ድምፅ ያወጣል አለን፤ የጊታር ሲቀር። በአጭሩ የሚሰማው አይነሳም፣ የሚነሳው አይሰማም፣ የሚሰማም የሚነሳም ደግሞ ዋጋው አይደፈርም።

እኔ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዞርኩ፣ ሽቦውን ጎተትኩ፣ የኋላውን አሸተትኩ። ስለ ዋስትና ጠየቅኩ፤ መብራት ሄዶ በድንገት ቢመለስስ ብዬ ጠየቅኩ፤ ውሃ ቢነካውስ፣ አይጥ ብትገባበትስ ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ትዕግሥቱ ሲያልቅ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ማጉያ አይደለም፤ የነፍስ አባት ነው።»

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። የሰናይትን ኪስ ከፊቷ አንብቦ ኖሮ፣ ከውቤ በረሃ ጀርባ ጋሽ መርዕድ የሚባሉ የድሮ ጊታር ተጫዋች እንዳሉ፣ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው መጫወት ካቆሙ እንደቆዩ፣ እንደ ድሮ ሬዲዮ በአምፖል የሚሠራ ማጉያቸው ግን እስካሁን ቤታቸው እንደተቀመጠ ነገረን። እንዲህ ያለውን ዛሬ በወርቅም አታገኙትም አለ።

ሰናይት ቅዳሜ ጠዋት ብቻዋን ሄደች። በሩ ተከፈተላት፣ ማጉያውን አየች፣ ስንት እንደሆነ ጠየቀች፣ በሩ ተዘጋባት። ነገሩ ሁሉ እኔ አንድ ጫማ ከማስርበት ጊዜ አይበልጥም።

ይህን ጊዜ ነው እኔ ብልህ የሆንኩት። ሰው ብልህ ከሚሆን ጉንፋን ቢይዘው ይሻላል። በሽማግሌ የሚሄድ ነገር በልጅ ሄዶ ነው የተበላሸው አልኩ። በርስት የተጣሉ ወንድማማቾችን ያስታረቀ፣ የኮበለለች ሙሽራን የመለሰ ሽማግሌ፣ አንድ ሣጥን ማምጣት ያቅተዋል? የሰፈራችንን እድር ሰብሳቢ አቶ ደምሴን ያዝኩ፤ እሳቸው ንግግር ከጀመሩ ዝናብም ቆሞ ያዳምጣል። አፍንጮ በር ለረጅም ዘመን ሸቀጣ ሸቀጥ የነገዱትን ሐጂ ነስሩንም ጨመርኩ፤ ሐጂ በዋጋ ክርክር የተሸነፉበት ቀን አይታወቅም። እሑድ ረፋድ ላይ ሦስታችንም ነጫችንን ለብሰን፣ ከዘራችንን ይዘን በጋሽ መርዕድ ደጅ ቆምን።

ጋሽ መርዕድ ቀጭን፣ ረጅም፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከረባት ያሰሩ ሰው ናቸው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ሚስትም ልጅም የለም። በሩን ከፍተው ሦስታችንን ሲያዩ ከደጁ ገለል አሉ። ከዚያ ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። አቶ ደምሴ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ጋሽ መርዕድ ከረባታቸውን አስተካክለው እሳቸውም ቆሙ።

አቶ ደምሴ ከአዳም ጀመሩ። በየት በየት ዞረው ማጉያው ጋ እንደደረሱ አላስታውስም፤ ብቻ ሲደርሱ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ ጥግ በአንሶላ ተሸፍኖ የተቀመጠውን ማጉያ ለልጃችን ለሰናይት እንዲሰጡን ቆመናል፤ መቆማችንን አይተው፣ ሽበታችንን አክብረው እሺ ይበሉን ብለው ጨረሱ።

ጋሽ መርዕድ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አሰቡ።

«ሰምቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እንመክርበታለን። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

አያችሁልኝ ጥፋቴን? ሽማግሌ የላከ ሰው የሽማግሌ መልስ ነው የሚያገኘው። በደኅና አገር፣ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ባለቤት የት ታውቃላችሁ? ማጉያው የሚፈለገው ለቅዳሜ ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ ጥንቃቄዬ ነገሩን ከሱቅ አውጥቼ ወግና ሥርዓት ውስጥ ከተትኩት። ከማን ጋር እንደሚመክሩ ልጠይቃቸው ቃጣኝ፤ ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያለችው አንዲት ድመት ናት።

ሐጂ ነስሩ የነጋዴ ነገር ሆኖባቸው አሥራ አምስቱን ቀን ወደ ሰባት፣ ሰባቱን ወደ አምስት ያወርዱት ጀመር። ዓርብ ላይ ተስማማን። ጋሽ መርዕድ ግን እስከዚያ የምናጣራው ነገር እንዳለ ነገሩን። ልጅቷ የምትጫወትበት ቤት ስንት ሰው ይይዛል? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ኮርኒስ? ሰው እየበላ ነው የሚሰማት ወይስ ዝም ብሎ? ማጉያው ሥራ ሲያልቅ እዚያው ያድራል ወይስ በየሳምንቱ በታክሲ ይንገላታል? ሴት ልጅ የሚድር ሰው እንኳ ይህን ያህል አይጠይቅም። በኋላ ሰናይት ስትነግረኝ፣ ማጉያ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት ለካ ይኸው ነበር፤ እኔ ስለ አይጥ ስጠይቅ ነው የዋልኩት።

ያቺን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኳት እግዚአብሔር ያውቃል። ሰናይት አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብቻ ሐሙስ ዕለት «ጋሼ፣ ለወደፊቱ ጥርሴን ሲያመኝ ለሐኪሙ ሽማግሌ አይላኩብኝ፤ ራሴ እሄዳለሁ» አለችኝ። ጥፍሮቿን አየሁ፤ የቀረ ነገር የለም።

ዓርብ ተመልሰን ቆምን። መልሳችንን አንድ በአንድ ሰጠን፤ አርባ ሰው ይይዛል፣ ኮርኒስ አለው፣ ሰው እየበላ ነው፣ ማጉያው እዚያው በቁልፍ ያድራል። ጋሽ መርዕድ አዳመጡና ሦስት ነገር አዘዙ። ላዩ ላይ ብርጭቆ አይቀመጥበትም። ልጅቷ መጥታ አንድ ጊዜ ትጫወትላቸዋለች። እንደተከፈተም ወዲያው አይነካም፤ አምፖሎቹ እስኪሞቁ አባታችን ሆይ ሁለት ጊዜ ይደገማል። ሐጂ ነስሩ እርሳቸው ቢሆኑ ስንት ፋቲሃ መቅራት እንዳለባቸው ጠየቁ። ጋሽ መርዕድ ለሐጂ ሲሆን አምስት ይበቃል አሉ፤ አምፖሎቹ እስላም ይቸኩላል ብለው እንዳያስቡ። ሐጂ ሳቁ፤ እኔም ጉልበቴን ረስቼ ሳቅሁ።

ዋጋውን ስናነሳ ተቆጡ። ሐጂ ግን ያለ ዋጋ የተወሰደ ዕቃ ባለቤቱ አይታወቅም ብለው አንድ መቶ ብር በግድ አስያዟቸው። ያን ጊዜ ተቀመጥን። ወንበር እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ማጉያው ሲወጣ ሁለት ጫኝና አውራጅ በነጭ አንሶላ እንደተሸፈነ ተሸከሙት። እኛ ሦስታችን ነጭ ለብሰን፣ ከዘራ ይዘን፣ ቀስ ብለን ከኋላው። መንገድ ላይ አንድ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ነፍስ ይማር አለን። አቶ ደምሴ፣ የእድር ሰው ናቸውና፣ ከልማድ የተነሳ ያጥናችሁ እንደተባለ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ።

ቅዳሜ ሶኬቱ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ፤ ምናልባት ቢያጨስ ብዬ። ሰናይት ማጉያውን ከፈተችና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሁለት ጊዜ ደገመች። ከዚያ የመጀመሪያዋን ክር ነካች። ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ? ጮክ ያለ አይደለም። ሰው ጆሮው ሥር መጥቶ በስሙ እንደሚጠራው ዓይነት ነው። አንድ ጥብስ የሚቆርጥ ሰውዬ ቢላዋውን አስቀመጠ። ለልጅቷ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ከየት ይመጣል? የቤቱ ባለቤት መጥታ ትንሽ ቀንሺው አለቻት፤ ቀጥላም በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነይ አለቻት። ኦርጋን ተጫዋቹ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅንም።

ሰናይት ቃሏን ጠብቃ ጊታሯን ይዛ ጋሽ መርዕድ ቤት ሄዳ ተጫወተች። እንዴት እንደነበር አልነገረችኝም፤ እጇን ይዘው አንዲት ጣቷን እንዳስተካከሉላት ብቻ ነገረችኝ። ብዙም ሳይቆይ ያ ሰፈር ተነሣ። ጋሽ መርዕድ ከከተማው ዳር ባለ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው።

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በጥር አንድ ማክሰኞ ቀን ነው። ስልክ ደወሉ፤ እስከዚያ ቀን «አቶ ካሳ፣ እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት ሰው አንተ አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ማጉያው ደኅና እንደሆነ፣ ልጅቷ አሁንም ቅዳሜ እንደምትሠራ ጠየቁ። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ደረጃው ግን ብዙ ነው አሉ። እኔም ያን ሁሉ ክብደት እዚያ ፎቅ ማውጣት ይከብድ እንደነበር፣ እኛም በጊዜ መምጣታችን እንደበጀ ተናገርኩ። ከዚያ ሊነግሩኝ ሲፈልጉ የቆዩትን ነገር ነገሩኝ። ሰናይት ከመምጣቷ በፊት በነበረው ዓርብ ቆራሌውን ጠርተውት ነበር። ቆራሌው የማጉያውን አንዱን ጫፍ አነሣ፣ መለሰው፣ ይህን የሚያወጣልዎት ሰው ራስዎ ከፍለው ይፈልጉ ብሎ ባዶ ጠርሙሶቻቸውን ብቻ ይዞ ሄደ። በማግሥቱ ሰናይት መጥታ የቆራሌው ንቀት ገና ሳይወጣላቸው ስንት ነው ስትላቸው ነው በሩን የዘጉት።

እንግዲህ ቆራሌው በነፃ እንቢ ያለውን ዕቃ ነው፣ እኛ ሁለት ቀን ቆመን የለመንነው። ታዲያ ለምን አስቆሙን አልኳቸው፤ ጉልበቴ እኮ እስከ ዛሬ አልዳነም።

«አየህ ካሳ» አሉኝ፣ «እኔ ሴት ልጅ የለኝ። በዚያ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር አንድም ቀን ሽማግሌ ቆሞበት አያውቅም። አንዴ ስትመጡልኝ፣ ቶሎ እሺ ብዬ ላስቀምጣችሁ?»