ዝም የሚል ፊደል የማይወዱት አጎት

በየቤተ ዘመዱ አንድ የእንግሊዝኛ ዐቃቤ ሕግ አይጠፋም። ማንም ሳይሾመው የተሾመ፣ ማንም ሳይጠይቀው የሚያርም፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ገብቶ «ሶሪ አይባልም እኮ» የሚል። ሥራ የምትፈልግ የአንዲት ልጅ አጎት ግን ከማኅበሩ ሁሉ በማዕረግ ይበልጣሉ። እሳቸው የሚያርሙት እንግሊዞቹን ጭምር ነው።

ክቡርነታቸው ቋንቋውን የተማሩት መድኃኒት መጋዘን ሲሠሩ፣ ከካርቶን ላይ ነው። ከሰው አፍ የተማሩት አንድም ቃል የለም። በእኛ ፊደል ያደገ ሰው ደግሞ የተጻፈውን ሁሉ ካልጠራ እንቅልፍ አይወስደውም። ስለዚህ ቢላዋ «ክናይፍ» ነው፤ ደሴት «ኢስላንድ»፤ ረቡዕም «ዌድ-ነስ-ዴይ»፣ ከነሙሉ አካሉ።

«ፊደሉ ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ ነው እንዴ የጻፉት?» ይላሉ። «ስንፍና ነው እንጂ አነባበብ አይደለም።»

የቴሌቪዥኑን የእንግሊዝኛ ዜና አንባቢ «ፊደሉን ዋጠው፣ አየሽ? ዋጠው» እያሉ ሲከሱት፣ የእህታቸው ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የችሎቱ ታዳሚ ነበረች። ውጤቱም ታየ፤ ሁለት ሆቴሎች በእንግሊዝኛዋ ምክንያት መለሷት። ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ የእንግዳ ተቀባይነት ፈተና። ይህም ከመለሳት እናቷ የምትሠራበት ልብስ እጥበት ቤት ገብታ አንሶላ መተኮስ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ ከስልኳ እየሰማች የአጎቷን እንግሊዝኛ ከምላሷ ስትፍቅ ከርማለች። እንዳይመጡም ለምና ነበር። መጡ።

ልጅቱ የሆቴሉን ኮሪደር ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ አጎት ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ትቀመጣለች፤ ትነሳለች፤ የሸሚዟን ቁልፍ ትነካካለች።

«ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ዝም ይበሉልኝ።»

«ዝም ብያለሁ። በሩ ላይ የለጠፉትን እንግሊዝኛ ግን አይተሽዋል?»

ተጠራች። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ሦስቱ ፈታኞች የሆቴሉን የእንግዳ መቀበያ ጽሑፍ ሰጧትና ጮክ ብላ እንድታነብ አዘዟት። መጀመሪያውን አሳመረችው። መሀል ላይ በበሩ ክፍተት የአጎቷን ጫማ ጫፍ አየች፤ ምላሷ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ኢስላንድ» አለች፣ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ።

አንደኛው ፈታኝ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። ልጅቱ ጆሮዋ ድረስ ጋላት። «አይላንድ» ብላ አረመችና ድምፅዋን ቅንጣት ሳትቀንስ እስከ መጨረሻው አወረደችው።

ዋናዋ ፈታኝ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከአንቺ በፊት የገቡት ቃሉን በትክክል አሉት፤ ግን እየፈሩ ስላሉት እዚህ ጠረጴዛ ድረስ አልደረሰልንም። እንዲህ ሳትሸማቀቂ እንድትናገሪ ማነው ያስተማረሽ?»

«አጎቴ።»

«ቃላቱንም እሳቸው ናቸው?»

ልጅቱ ወለሉን አየች። «አዎ።»

«ቃሉ ይስተካከላል። የአንድ ወር የአነባበብ ሥልጠና ትወስጂና ሥራ ትጀምሪያለሽ።»

ስትወጣ አጎት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን ጨምድደው ጨምድደው መልኩን አሳጥተውታል። ነገረቻቸው። ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ።

«የአነባበብ ሥልጠና?» አሉ። «እንግዲህ ሊያበላሹሽ ነው።»

ማታ እራት ላይ ዳቦው ሲቀርብ፣ ሳምንት ሙሉ ስትፍቀው የከረመችውን ቃል ልጅቱ ራሷ ፈልጋ አወጣችው።

«ጋሼ፣ ክናይፉን ያቀብሉኝ።»

ክቡርነታቸው ቢላዋውን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሽልማት አቀበሏት።