ቁርስ ማን ያዝዛል?

ባለሙያ ከሩቅ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ለምን አትሉኝም? ብርድ አያውቅማ! ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደባርቅ ላይ በስስ ሸሚዝ ከመኪና የሚወርድ ሰው ካያችሁ አትጠራጠሩ፣ አንድ ነገር ሊያስተምረን የተላከ ባለሙያ ነው። ፈረንጅ ጎብኚ እንኳ ተራራውን ካርታ ላይ አይቶ ጃኬት ይይዛል።

እነዚህኞቹ ሦስት ሆነው መጡ። የመጡት እኔ ወደምሠራበት ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉን ስም አልነግራችሁም፤ የጡረታ ጊዜዬ ቅርብ ስለሆነ በሰላም መውጣት እፈልጋለሁ። እኔ የወንዶች መኝታ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ መርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ። ደባርቅ ገበያ ላይ ቂጡን ሳላየው የማውቀው ጎልማሳ ጥቂት ነው ብል ጉራ አይሆንብኝም።

የባለሙያዎቹ ጉዳይ ምን መሰላችሁ? ሐኪሙ ትእዛዙን በወረቀት መጻፍ ትቶ በኮምፒውተር እንዲያስገባ ነው። መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን። ትእዛዙ ወዲያው ፋርማሲ ይደርሳል፣ ላብራቶሪ ይደርሳል፣ እኛ ነርሶች ዘንድ ይደርሳል። ክፉ ነገር አይደለም። የሐኪም ጽሑፍ ታውቁት የለ? የዶክተር ይበልጣልን ወረቀት ይዤ ስንት ጊዜ ራሱን ዶክተር ይበልጣልን ምን ለማለት ፈልገው ነው ብዬ ጠይቄዋለሁ! እሱም ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ ማን ነው የጻፈው ብሎኝ ያውቃል።

የባለሙያዎቹ አለቃ ናሆም ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት፣ ከንፈሩ በብርድ የጠቆረ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጋቢ ገዛ። ከዚያ ወዲህ እጁን ከጋቢው የሚያወጣው ኪቦርድ ለመንካት ብቻ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲከርም ብረት ነው ይባላል። ናሆም ግን ጋቢ ከለበሰ በኋላ ይበልጥ ወደድነው።

ኮምፒውተሩ ግን እንደ ጌታው ትሑት አልነበረም። ጠያቂ ነው፣ ካልመለሱለት ደግሞ አያሳልፍም። አንድ የበየዳ ገበሬ ሲመዘገብ የቤት ቁጥር አምጣ አለ። ሰውየውም በትሕትና አስረዱ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሁለት የገብስ ማሳ ታልፎ፣ ውሻ ያለበት ቤት። ናሆም ይህን የሚያስገባበት ቦታ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ «አንድ» ብሎ ጻፈና አለፈ። ሌላ የበየዳ ሰው መጣ፣ አንድ። ሌላም፣ አንድ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ በኮምፒውተራችን ሂሳብ፣ መላው በየዳ ተፋቅሮ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ዶክተር ይበልጣል ደግሞ በአንድ ጣት ነው የሚጽፈው። ጣቱን አየር ላይ ይሰቅላል፣ ፊደሉን በዓይኑ ያስሳል፣ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። አንዲት አስታማሚ ይህን ቆማ ስታይ ቆይታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣ ዶክተሩ የጠፋባቸውን ነገር አብረን እንፈልግላቸው ይሆን ብላ ጠየቀችኝ።

ሥልጠናው አለቀና ሥራው የሚጀመርበት ቀን ደረሰ። መቼ? ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን። ባለሙያዎቹ ኮሪደሩ ላይ አንድ ትልቅ ስክሪን ሰቀሉ። የእያንዳንዱ ክፍል መድኃኒት በሰዓቱ ከተሰጠ አረንጓዴ ያበራል። ከዘገየ ቀይ። የሚያየው ሁሉ ያየዋል፤ ሜዲካል ዳይሬክተሩም፣ ጥበቃውም፣ የሴቶች ክፍል ኃላፊዋም። የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ጓደኛዬ ናት። ጓደኛዬ ስለሆነች ነው እንድትበልጠኝ የማልፈልገው።

አሁን መሪጌታ ጥበቡን ላስተዋውቃችሁ። መሪጌታ የበየዳ ሰው ናቸው፤ ድጓ ሲያስተምሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። የስኳር በሽታ አለባቸው። እግራቸው እየቆሰለ በየጊዜው እኛ ዘንድ ይተኛሉ፤ ያኔም አልጋ ቁጥር ሦስት ላይ ነበሩ። በየማለዳው ተጋድመው በለሆሳስ ያዜማሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ብሎ ይሰማቸዋል። ጾም ሲሆን ታዲያ፣ አልጋ ላይ ሆነውም ይጾማሉ። ከአጠገባችን ካለው ቤተ ክርስቲያን የቅዳሴው ድምፅ በማጉያ ይሰማል። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ቅዳሴው አልቆ ካህኑ ሲያሰናብት ነው ውሃ እንኳ የሚቀምሱት።

ዶክተር ይበልጣል አትጹሙ ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል። መድኃኒታቸው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ካልበላ ስኳሩ ይወርዳል፤ ብዙ ከወረደም ይገድላል። ስለዚህ በወረቀቱ ዘመን እኔና ዶክተሩ የተግባባንበት መላ ነበረን። በካርዳቸው ጥግ ላይ «ከቅዳሴ በኋላ» ብሎ ይጽፋል፣ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምግቡ ሲቀርብ እወጋለሁ። ማንም አስተምሮን አይደለም።

ኮምፒውተሩ ግን ጥግ የለውም። ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በፊት ተባለ። ጠዋት ማለት ደግሞ ለእሱ አንድ ሰዓት ነው።

በዚያች የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። የሴቶቹ ክፍል ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። የእኔ ክፍል? አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ። አልጋ ቁጥር ሦስት። ጓደኛዬ ወደ ስክሪኑ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ሳል ሳይኖርባት ሳለች። ሄድኩና ወጋኋቸው። ስመለስ አረንጓዴ ሆኗል። ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እስከዚያ ቀን መሪጌታን በልተዋል ወይ ብዬ ሳልጠይቅ ወግቻቸው አላውቅም። በዚያን ቀን ዓይኔ ያየው ቀዩን ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። ትእዛዙ «ከምግብ በፊት» ይላል፣ እውነትም ከምግብ በፊት ወጋሁ፤ ስምንት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። እኔ ያፈሰስኩት ሊለቀም የሚችል ነገር አልነበረም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ሥራ ይዤ ሳለሁ ከአልጋ ቁጥር አራት ጩኸት ሰማሁ። እዚያ የተኛው እግሩ የተሰበረ የድብ ባሕር ገበሬ ነው። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፣ ኋላ ትቶ ሚስት አገባ።

«ሲስተር! ኧረ ቶሎ ድረሽ! መሪጌታ ዜማ ሳቱ!»

እኔ ደግሞ ከት ብዬ ሳቅሁ። የዜማ ኃላፊ አደረጋችሁኝ እንዴ አልኩት። እሱ ግን አልሳቀም። «በግዕዝ ዜማ የጀመሩትን ከዕዝል ዜማ ጋር አደባለቁት እኮ! እኒህ ሰውዬ በሕልማቸው እንኳ እንዲህ አይሉም። አንድ ነገር ሆነዋል!»

ያን ጊዜ የወጋሁት መርፌ ትዝ አለኝ። ሮጬ ስደርስ መሪጌታ በዚያ ብርድ በላብ ተጠምቀዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው እኔን አያየኝም። ስኳር በጥብጬ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ግን፣ ራሳቸውን የማያውቁት ሰውዬ ጥርሳቸውን ግጥም! ሁሉን ረስተው ጾሙን አልረሱም። በደም ሥር የሚሰጥ ግሉኮስ ከድንገተኛ ሳጥኑ አወጣሁ። ናሆም ከኋላዬ ቆሟል። ትእዛዝ ሳይገባ መድኃኒት አይወጣም ብሎ ያስተማረን እሱ ነው። ዘወር ብዬ ሳየው ፊቱ ነጭ ሆኗል። «ስጪያቸው ሲስተር፣ ስጪያቸው» አለኝ።

ሰጠሁ። ትንሽ ቆይተው መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። ክንዳቸውን አዩ፣ መርፌውን አዩ፣ ጥቂት አሰቡና ፍርድ ሰጡ። «በክንድ የገባ አያስገድፍም» አሉና አረፉ።

እኔ ዕቃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ናሆምና ዶክተር ይበልጣል አልጋው አጠገብ ቆመው ይከራከራሉ። ናሆም ሰዓቱን ሳልጠይቅ ያስገባሁት እኔ ነኝ ይላል። ዶክተሩ እንደወረቀቱ ማስታወሻ ሳልተው ያለፍኩት እኔ ነኝ ይላል። የወጋሁት እኔ ነኝ ብዬ ሦስተኛ ሆንኩ። መሪጌታም ቢጨንቃቸው፣ እናንተ ተማከሩና ያጠፋው ሲለይ ቀስቅሱኝ አሉን።

ናሆም በማግሥቱ ወንበር ስቦ አልጋ ቁጥር ሦስት አጠገብ ተቀመጠ። አጽዋማቱ በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ መግባት አለባቸው አለ፤ ዘንድሮ ብቻ ሳይሆን የሚመጡት ዓመታትም። ግን ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ቀኑ ይለዋወጣል። ማን ያውቀዋል? መሪጌታ አመልካች ጣታቸውን በጣታቸው አንጓ ላይ እያስኬዱ ማስላት ጀመሩ። ነነዌ ይህን ቀን ይገባል፣ ዐቢይ ጾም ይህን ቀን፣ ትንሣኤ ይህን ቀን። አንድ ዓመት ሲጨርሱ ወደ ሌላው። ናሆም በጽሑፍ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ እባክዎ ቀስ ይበሉልኝ ብሎ ለመነ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይኼ አይደል? ናሆም በላከው ሪፖርት ላይ፣ የባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ፣ ከሦስቱ ስም ቀጥሎ አራተኛ ገባ። መሪጌታ ጥበቡ፣ የዘመን ቀመር አማካሪ።

ወጉ እዚህ ላይ ቢያልቅ ለሁላችንም ያምርብን ነበር። ባለሙያው ተማረ፣ ነርሷ ተጸጸተች፣ ሊቁ ተከበሩ። ምን ዋጋ አለው፣ አባ ገብረ ሥላሴ መጡ።

አባ ገብረ ሥላሴ የመሪጌታ የንስሐ አባት ናቸው። የታመመ የንስሐ ልጃቸውን ሊጠይቁ በዚያ ጭቃ፣ ግማሹን በበቅሎ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ከበየዳ ሁለት ቀን ተጉዘው ነው የደረሱት። መሪጌታ በኩራት ሁሉን አጫወቷቸው። ናሆም በኩራት ኮምፒውተሩን አሳያቸው። ይኸውልዎ አባቴ፣ ጾሙ ሁሉ ገብቷል፣ ከእንግዲህ መሪጌታ ሲጾሙ መርፌው ራሱ ይጠብቃቸዋል አላቸው።

አባ ወደ አልጋው ዞሩ።

«ጥበቡ። ይህ ደዌ የያዘህ ጊዜ ምን ብዬህ ነበር?»

መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ።

«ብላ አላልኩህም? ለድውይ ጾም አልተሠራለትም፣ ፈትቼሃለሁ፣ ያንተን ጾም እኔ እጾምልሃለሁ አላልኩህም? ይኸው ሦስት ዓመት እኔ በሁለት ሰው ፈንታ እጾማለሁ፣ አንተ ደግሞ አትበላም!»

ጉድ በሉ! ለካ ሰውየው ከተፈቀደላቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እኔ በየጾሙ በልተዋል ወይ እላቸዋለሁ እንጂ ለምን አይበሉም ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ዶክተሩም አልጠየቀ። ኮምፒውተሩማ ከእኛ አይበልጥ።

መሪጌታ ድምፃቸው አንሶ መለሱ። «አባቴ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ? ጾሙን ያስተማርኳቸው እኔ፣ ጉባኤው መሐል እንጀራ ስቆርስ እንዴት ይሁን? አፈርኩ።» አንጀቴን በሉት። ያ ሁሉ ጥርስ መንከስ እፍረት ነበር።

አባም አዘኑላቸው፤ ግን አባት ናቸውና ቀኖና ሰጡ። እኔ የማውቀው ቀኖና ስግደት ነው፣ ጾም ነው። ለመሪጌታ የተሰጣቸው የአርባ ቀን ቁርስ ሆነ። በየቀኑ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው እያያቸው።

ዶክተር ይበልጣል ወደ ኮምፒውተሩ በረረ። በአንድ ጣቱ እየለቀመ «ቁርስ» ብሎ አዘዘ። በማግሥቱ መርፌውንም ቁርሱንም ይዤ ሄድኩ። መሪጌታ ትሪውን አዩና፣ ያዘዘው ማን ተብሎ ተጽፏል አሉኝ። ዶክተር ይበልጣል አልኳቸው። ትሪውን በእጃቸው ገፉት። እሳቸውማ ሦስት ዓመት ሲያዝዙኝ ሰምቻቸው አላውቅ፣ በእሳቸው ትእዛዝ ብበላ ቀኖናዬ እንዴት ይቆጠርልኛል አሉ።

ምን ይደረግ? ናሆም ተጠራ። ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠና ለአባ ገብረ ሥላሴ ኮምፒውተሩ ላይ የአዛዥነት መብት ከፈተላቸው። ኮምፒውተሩ የሙያ ደረጃቸውን ጠየቀ። ጠቅላላ ሐኪም፣ ስፔሻሊስት፣ ተለማማጅ ብሎ አማራጭ አቀረበ። ናሆም ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ስፔሻሊስት የሚለውን ነካው፤ አባም ቁርሱን በስማቸው አዘዙ።

መሪጌታ ጥበቡ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ቁርሳቸውን እስከ መጨረሻዋ ጉርሻ በሉ። የድብ ባሕሩ ገበሬ እግሩ እንደተሰቀለ እጁን ዘርግቶ አጎረሳቸው። ያን ቀን ስክሪኑ ምን ቀለም እንደሆነ አላየሁም።

አባ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ጠዋት ታዲያ፣ ዶክተር ይበልጣል ኮሪደሩ ላይ ቀድሞ ቆሞ ሲጠብቃቸው አገኘሁት። መስቀላቸውን ተሳለመ። ከኪሱም በዚያ በማይነበብ ጽሑፉ የተሞላ ወረቀት አወጣ።

«አባቴ፣ ሳይሄዱ» አለ፣ እየተቅለሰለሰ። «አልጋ አምስት ጨው አልተውም ብሎኛል። አልጋ ሰባት ኪኒኑን ትራሱ ሥር ነው የሚያከማቸው። እባክዎ ለእነሱም ቢያዝዙልኝ?»

አባ መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው አውጥተው ጠረጉ፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉና ወንበር እንዲቀርብላቸው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ስንት አልጋ ነው ያለህ ልጄ?»