በአረንጓዴ ቧንቧ የተጠበቀ ምስጢር

ምስጢር መጠበቅ ተሰጥዖ ነው፤ መሥሪያ ቤታችንም ይህን ተሰጥዖ በገፍ ታድሏል። የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ እንኳ የሚወጣው «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም ባረፈበት ፖስታ ታሽጎ ነው። ፖስታውን ለመረከብ ሁለት ቦታ መፈረም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፊርማ ከመጀመሪያው ጋር ያልተመሳሰለበት ሰው ብዙ ነው፤ ቸኩሎ የሚፈርም ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል።

ይህ ዝና እየገነነ ሲሄድ «ጋሻ» የተባለ የደኅንነት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ተገዛ። ጋሻ የሁላችንንም የበር ካርድ ያስተዳድራል። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ከየትኛው እንደሚታገድ ያውቃል፤ ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎንም «ምክንያት» የሚል መስመር አለው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማንንም ስለማያምኑ ይህን ሁሉ የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው፤ በየሳምንቱ አርብ ከሰዓት፣ በሁለት ጣት። የጻፉት ከአራተኛ ፎቅ ተነሥቶ ምድር ቤት ወዳለው ዳታቤዝ በገመድ ይወርዳል። ሰኞ ጠዋት ካርድህ በሩን አልከፍት ካለህ ተዛውረሃል ማለት ነው። ለምን እንደተዛወርክ የሚገልጸው ደብዳቤ አርብ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት ሰኞ ከሰዓት ይደርስሃል። በመካከሉ በር ላይ ቆመህ ራስህን የምትመረምርበት ግማሽ ቀን አለህ። ይህ ለሠራተኛው የተተወ የጥሞና ጊዜ ነው።

ሁሉም ነገር በዚህ መልክ ሰላም ሆኖ ሳለ አንዲት የሲስተም ባለሙያ ተቀጠረች። በአሥራ አንደኛው ቀኗ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ሥራዋን ሠራች። ጋሻ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው ሳይመሰጠር፣ ሁሉም ሰው በሚያነበው ተራ ጽሑፍ መሆኑን አየች፤ እንደ ጨዋ ሠራተኛም ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄዳ ተናገረች።

«መስመሩ የሚያልፍበት የኔትወርክ ሶኬት ላይ ላፕቶፕ የሰካ ሰው ሁሉንም ቁልጭ አድርጎ ያነበዋል» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጋሻን የምስክር ወረቀት በአገጫቸው አመለከቷት።

«ምን ይላል?»

«‹ደኅንነቱ የተረጋገጠ› ይላል።»

«በመስታወት ተደርጎ ነው የተሰቀለው?»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ጌታዬ፣ ወረቀቱ አይደለም ችግሩ። በገመዱ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ይታያል ነው የምለው።»

«እኔ ለሦስት ዓመት በዚያ ገመድ አጠገብ ሳልፍ ምንም አይቼ አላውቅም።»

«መጠገኑ ቀላል ነው» አለች ባለሙያዋ። «አንድ የምስጠራ ሰርተፊኬት ሲስተሙ ላይ መጫን፣ ‹በምስጠራ ብቻ› የሚለውን መምረጥ፣ አጥፍቶ ማብራት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ስህተቷ ይህ ነበር። ግማሽ ሰዓት በሚፈጅ ሥራ ላይ ኮሚቴ ማቋቋም አይቻልም፤ ኮሚቴ ያልተቋቋመበት ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ እንደተሠራ አይቆጠርም። ስለዚህ ሥራው ተገቢውን ክብደት እንዲያገኝ የለውጥ መጠየቂያ ቅጽ እንድትሞላ ታዘዘች። ቅጹ «የሚጠገነው ጉድለት» የሚል ሣጥን አለው። ሞላችው። በማግስቱ ሻምበል ቅጹን በሁለት ጣቱ ጫፍ፣ እንደ ሞተ አይጥ ይዞት መጣ።

ሻምበል የጥበቃ ኃላፊያችን ነው። የጦር ካምፕ በር ላይ እንኳ ቆሞ አያውቅም፤ ማዕረጉን የሰጠው አረማመዱ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ የመሥሪያ ቤቱን ጉድለት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ታዞሪያለሽ?»

«ቅጹ እኮ ይጠይቃል።»

«ቢጠይቅስ? ጉድለት ምስጢር ነው። ጉድለቱን ሳትጠቅሺ ሙዪው።»

ሣጥኑን ባዶ ትታ መለሰችው። ቅጹ «ተሟልቶ ያልቀረበ» ተብሎ ተመለሰላት። ይህ ልውውጥ አራት ጊዜ ተካሄደ፤ አራቱም ጊዜ በመሸኛ ደብዳቤ።

ይህ ማለት ግን አመራሩ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ማለት አይደለም። ሻምበል ከባለሙያዋ ገለጻ «ገመዱ» የምትለውን ቃል በሚገባ ይዟል። የገመድ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ። ገመዱ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት በብረት ቧንቧ ውስጥ እንዲያልፍ ተደረገ፤ ቧንቧውም አረንጓዴ ተቀባ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንድ ጥበቃ በወንበር ተቀምጦ ቧንቧውን ያዩ ሰዎችን ስም እንዲመዘግብ ተመደበ። ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ግድግዳው ላይ የኔትወርክ ሶኬት አለ። የጥናት ክፍል ሁለት ልጆች በየአርቡ መጥተው ላፕቶፓቸውን እዚያ ይሰካሉ። ጥበቃው አልመዘገባቸውም፤ ዓይናቸው ቧንቧው ላይ አልነበረም። እንዲያውም ቆመው እንዳይደክሙ ወንበሩን እየለቀቀላቸው በእግሩ ይንሸራሸር ነበር።

«ሰኞ ሳይደርስ» የሚባለው የቴሌግራም ቻናል የተከፈተው በዚያ ሰሞን ነው። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የሰኞውን ዝውውር ከነምክንያቱ ይለጥፋል። ገንዘብ ያዡ ወደ ቅርንጫፍ፤ ምክንያት፦ ብዙ ይጠይቃል። ሹፌሩ ወደ ጋራዥ፤ ምክንያት፦ መስታወት ውስጥ ያየኛል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከሳምንት እስከ ሳምንት አርብን ይናፍቅ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ግን አበዱ።

«ማነው?» አሉ።

ሻምበል ለመመርመር ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። «ደብዳቤዎቹ ሁሉ በማን እጅ ያልፋሉ? በመዝገብ ቤቷ ሴትዮ።»

«ጨረስክ!»

መዝገብ ያዧ በዚህ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእጃቸው የጠፋ ወረቀት የለም፤ ምላሳቸው ላይ ያደረ ወሬም የለም። ማክሰኞ ታገዱ። ሊፍቱ አጠገብ ፎቶአቸው ያለበት ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «ምስጢር በማባከን የተጠረጠረች»። የልጃቸው ባል ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚሠራው። ረቡዕ ደረጃ ላይ ሲገናኙ እንደተደወለለት ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና አለፋቸው። ስልኩ ተገልብጦ ነበር።

ባለሙያዋ በር ላይ አገኘቻቸው። ከጥበቃው ጎን፣ የእንግዳ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ እንዳልሆኑ አውቃለሁ።»

«አንቺ ብቻ ብታውቂ ምን ይሠራልኛል ልጄ? ማስታወቂያውን ያነበበው ሌላ ሰው ነው።»

«እየጠገንኩት ነው።»

«ምኑን?»

«የሚያወጣውን።»

«በይ ቶሎ በይ፤ አማቼ ነገ ደግሞ ዕውር ነኝ ሳይል።»

ሐሙስ በምሳ ሰዓት፣ ቅጽም መሸኛም ሳይኖር፣ ባለሙያዋ ሰርተፊኬቱን ጫነች፣ «በምስጠራ ብቻ» የሚለውን መረጠች፣ ጋሻን አጥፍታ አበራች። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በቧንቧው ውስጥ የሚያልፈውን የሰማ ሰው ቢኖር የሚያገኘው የማይፈታ ዝባዝንኬ ብቻ ነው። አርብ ቻናሉ ዝም አለ። ሁለቱ የጥናት ክፍል ልጆች ሶኬቱን እየነቀሉ መልሰው ሰኩት፤ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ወንበሩን ለባለቤቱ መለሱለት።

ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ሠራተኛውን ሰብስበው ንግግር አደረጉ። «ሴትዮዋ ወጣች፤ ወሬው ቆመ! ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቅ ካለ እጁን ያውጣ።» እጁን ያወጣ የለም፤ ገንዘብ ያዡ የት እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የስንብት ደብዳቤው እንዲረቀቅ ታዘዘ።

ጥገናው ንጹሑን ሰው ወንጀለኛ አደረገው። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ደረጃውን በሩጫ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች።

«ወሬው የቆመው እኔ መስመሩን ስለመሰጠርኩት ነው» አለች።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

«መሥሪያ ቤቱ ከገዛ ዳታቤዙ ጋር የሚያወራውን ከመሥሪያ ቤቱ ደበቅሽ?»

«ከሌባው ነው የደበቅኩት።»

«ሌባዋ እኮ ታግዳለች!»

ሻምበል ጣልቃ ገባ። «እንዲያውም ወሬው ቀድሞ ቆሞ፣ አንቺ የጠገንሽው መስሎሽ ይሆናል።»

«እሺ፣ ወደ ነበረበት ልመልሰውና አርብን እንይ።»

«መልሺው እንጂ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ያለ ፈቃድ የተሠራ ነገር ሁሉ መፍረስ አለበት።»

ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጧት ጠየቀች፤ ሰጧት። «መስመሩ ወደ ቀድሞው ግልጽ ሁኔታው ይመለስ ዘንድ» ይላል፤ ከሥር ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ለባለሙያዋ የተሰጠ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰየመው አርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው። መዝገብ ያዧ በጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። ስልካቸው ከፊታቸው ተወስዶ ሻምበል እጅ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሳምንቱን ጽፈው ጨርሰው፣ ሁለቱን ጣቶቻቸውን እያሻሹ ገቡ።

«ታምኛለሽ?» አሉ።

«ምኑን?»

«ማመንሽን እንጂ ዝርዝሩን አልጠየቅንሽም።»

«ጌታዬ፣ እኔ የሰውን ደብዳቤ ቁጥር እንጂ ሆዱን አንብቤ አላውቅም።»

«ጻፍ፣ ሻምበል። ‹አላነበብኩም ስትል ግራ ተጋብታለች› በል።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ የሥራ አስኪያጁ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የሻምበል። ቀጥሎ በሻምበል እጅ ያለው የመዝገብ ያዧ ስልክ። በኮሪደሩ በየቢሮው አንድ ዓይነት ድምፅ ተከታትሎ ተሰማ፤ ከዚያ ሣቅ። ሻምበል ስልኩን ገለጠና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ልማዱ ነው።

«‹የጥበቃ ኃላፊው፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት። ምክንያት፦ አይመጥንም፤ እስከ ሰኞ እንዳይነገረው።›»

«ቀጥል እንጂ» አሉ መዝገብ ያዧ ስልኩን አሻግረው እያዩ። «ሁለተኛም መስመር አለው።»

ሻምበል ድምፁ ወርዶ ቀጠለ። «‹የዋና ሥራ አስኪያጁ ካርድ፣ የጓሮ በር፣ በየቀኑ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ይከፈት። ምክንያት፦ ስብሰባ።›»

«ስምንት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ እንዴ?» ሲል የኮሚቴው ጸሐፊ ጠየቀ። ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይጽፈው በዓይን ተነገረው።

«እኔ እዚህ ነኝ፤ ስልኬም ሻምበል ጋ ነው» አሉ መዝገብ ያዧ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው። «ወይስ አሁንም እኔ ነኝ?»

ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዋን አስጠሩ። ለአምስት ሳምንት ሲመላለስ የኖረው የለውጥ ቅጽ በሁለት ደቂቃ ተፈረመ። ጉድለቱ የሚጻፍበት ሣጥን ባዶ ነበር፤ ማንም አላስተዋለም። ምስጠራው ሰኞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ እንዲሠራ ታዘዘ።

ሰኞ የመዝገብ ያዧ ነጻ መባል በደብዳቤ ተገለጸ። ምስጉን ደብዳቤ ነው፤ «በተደረገው ማጣራት ጥፋት ያልተገኘባት መሆኑን» ይላል። ከላይ፣ ቀኝ ጥግ ላይ፣ ቀይ ማኅተም፦ «ጥብቅ ምስጢር፤ ለሌላ ሰው ማሳየት ያስቀጣል»።

በበሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ነጻ መሆኔን ለማንም አልናገርም ማለት ነው?»

«እንደሱ ነው የሚለው» አለች ባለሙያዋ።

«አማቼስ?»

«እሱም እንደ ‹ሌላ ሰው› ነው የሚቆጠረው።»

መዝገብ ያዧ ደብዳቤውን አጠፉት። «ካርዴን ማን ነው የሚከፍትልኝ?»

«እኔ። ሥራ አስኪያጁ ስምዎን መጻፍ ሰልችቷቸዋል።»

«ምክንያት የሚለውም መስመር ይሞላል?»

«ግዴታ ነው። ካልተሞላ አልመዘግብም ይላል።»

«መስመሩ የሚዘጋው ስንት ሰዓት ነው አልሽ?»

«አሥር» አለች ባለሙያዋ፣ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ።

«እንግዲያው በዘጠኝ ተኩል ክፈቺልኝ። ጻፊ፤ እኔ አነብልሻለሁ። ከ‹ለጉዳዩ ባለቤት› ጀምሪ፤ ማኅተሙንም እንዳትረሺ።»

ሁለቱ ልጆች በዚያ ሰኞም ከሶኬቱ አልጠፉም፤ ካለፈው አርብ ወዲህ ዕለቱን አይመርጡም። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ ደብዳቤው ከነቁጥሩ፣ ከነቀይ ማኅተሙ ቃል፣ በየሰው ስልክ ገባ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ አማች ከወንበሩ ተነሥቶ ደረጃ ወረደ፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አሥር ሰዓት ላይ መስመሩ ተመሰጠረ።

ማክሰኞ ጠዋት መዝገብ ያዧ ወደ አራተኛ ፎቅ ተጠሩ። ሻምበልም አለ። ገና ርክክብ አልፈጸመም፤ ፊቱም ገና አልተመለሰም።

«ጥብቅ ምስጢር ነበር!» ሲሉ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን መቱ። «ያንን ደብዳቤ ያየነው በዚህ ቤት ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ እኔና አንቺ!»

ሻምበል ማስታወሻውን አወጣ። «ደብዳቤው ቻናሉ ላይ ሲለጠፍ መዝገብ ያዧ በር ላይ፣ እንግዳ ወንበር ላይ ነበሩ። ጥበቃው መዝግቧቸዋል» አለ በዝግታ። እስክሪብቶውን ከፈተ። ሥራ አስኪያጁን ቀና ብሎ አያቸው፤ አየት አድርጎም አልተወም።

«ከሁለት ሰው አንድ ሲቀነስ ማን ይቀራል፣ ጌታዬ?»

መዝገብ ያዧ ቦርሳቸውን አነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ፤ ድምፃቸው የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሲመረመሩ ምሳ ይዘው ይምጡ። እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ ቶሎ የምወጣ መስሎኝ ነው የተራብኩት።»