የአቶ ሽመክት ስልክ የሽግግር ዘመን

የመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ሲጻፍ፣ መጻፉ ደግሞ አይቀርም፣ ለሁለት ይከፈላል፤ ከስልኩ በፊትና ከስልኩ በኋላ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ በመሆኔ ሁለቱንም ዘመን በዓይኔ ለማየት ታድያለሁ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ድሬዳዋ ከዚራ፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የሚገኝ፣ መግቢያው ላይ «ቅሬታዎን በፈገግታ እንቀበላለን» የሚል የተለጠፈበት ቢሮ ነው ብል ግን ማንንም ማጋለጤ አይደለም።

የክቡር ኃላፊያችን የአቶ ሽመክት አሮጌ ስልክ ከድሬ ሙቀት ጋር ለዓመታት ታግሎ በመጨረሻ በሥራ ላይ እንዳለ ዐረፈ። ስለ ቀልጣፋ አገልግሎት በምንወያይበት ስብሰባ መካከል፣ ፀሐይ በሚመታው የጠረጴዛ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጋለ፣ ጋለና ጠቆረ። ሲነካኩት አልነቃም። ስብሰባው ግን ሳይቋረጥ እስከ ምሳ ሰዓት ቀጠለ።

በማግሥቱ አዲስ ስልክ መጣ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ሙኒያ ከካርቶኑ አውጥታ ሲሙን ከተተችና አበራችው። ስልኩም ሰላምታ አቀረበና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ከአሮጌው ስልክ የተቀመጠውን ልመልስ ወይስ እንደ አዲስ ልጀምር? አለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አሉ አቶ ሽመክት።

«አሮጌው ስልክ ቢሞትም ውስጡ የነበረው ነገር ባክአፕ ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ አለ» አለች ሙኒያ። «ከፈለጉ እሱን እንመልሰዋለን። ካልፈለጉ ባዶውን እንጀምራለን።»

«የትኛው ነው ትክክል?»

«እንደ ፍላጎትዎ ነው።»

አቶ ሽመክት ስልኩን በቀስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ «እንደ ፍላጎትዎ» የሚል መመሪያ ደርሷቸው አያውቅም። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ኮሚቴ አቋቋሙ።

ኮሚቴው «የስልክ ሽግግር ዐቢይ ኮሚቴ» ተባለ። ሰብሳቢው የዕቅድ ክፍል ኃላፊው አቶ ሉቅማን ሆኑ፤ ሲናገሩ ወንበር የሚነቀንቁ ሰው ናቸው። ምክትላቸው የንብረት ክፍሉ አቶ ገብረወልድ ሆኑ፤ እሳቸው አንድም ዕቃ ጥለው አያውቁም፤ መጋዘናችን ውስጥ እግር የሌላቸው ወንበሮች ሁሉ በክብር ተቀምጠዋል። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ሙኒያ ስልክ ስለምታውቅ ከአድልዎ ነፃ አትሆንም ተብሎ ድምፅ የሌላት የቴክኒክ አባል ሆነች።

እዚህ ላይ አንዲት ባለጉዳይ ነበረች። ሃዎ ትባላለች። ከፊራ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሳምቡሳ ቤት ለመክፈት ፈቃድ ጠይቃ፣ መርማሪው ያየውን አይቶ፣ ጤናው ያለውን ብሎ፣ ሁሉ ነገር አልቆላት ነበር። የቀረው በአቶ ሽመክት የስልክ ቁጥር ላይ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲመጣ ኃላፊው ለሙኒያ ይነግሯታል፤ ሙኒያ ኮምፒውተሩ ላይ ትመታዋለች፤ ፈቃዱ ይወጣል። ይህ ዘመናዊ አሠራር የተዘረጋው ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ነው።

ሃዎ ከባለጉዳይ መጠበቂያው አግዳሚ ተነስታ መጣች። እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ለታላቅም ለታናሽም «አንተ» ነው የምትለው።

«ሽመክት፣ ረመዳን ሊገባ ነው» አለች። «ምስሩን ገዝቼ፣ ዘይቱን ገዝቼ፣ ኪራዩን ከፍዬ ጨርሻለሁ። ዘንድሮ ያንተም ጾም የኔም ጾም አንድ ላይ ነው የሚገባው። የምስር ሳምቡሳ ደግሞ ለሁለታችንም ይሆናል። ወላሂ እንዲህ ያለ ዓመት ሁሌ አይገኝም። ከጾሙ በፊት ካልከፈትኩ ምን ዋጋ አለው?»

«ስልኩ በሽግግር ላይ ነው፤ ትንሽ ታገሺን» አሉ አቶ ሽመክት።

«ሲሙን ሙኒያ ስልክ ውስጥ ክተቱትና ቁጥሩ ይምጣ። ከዚያ እናንተ ተሸጋገሩ።»

አቶ ሉቅማን መነጽራቸውን አወለቁ። «የክቡር ኃላፊው ሲም ሙኒያ ስልክ ውስጥ ከገባ፣ በሕግ ፊት ኃላፊው ማን ነው?»

«አቦ፣ እኔ ሳምቡሳ ነው ያልኩህ» አለች ሃዎ። ወደ አግዳሚውም ተመለሰች።

አሁን ስለ ሥራ ሰዓታችን ጥቂት ልበል። ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ መንግሥቷ ፀሐይ ናት። ቢሮ ሙቀቱ እስኪበርድ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ፍለጋ ይገባል፣ በጥላው ውስጥም ጫት አይጠፋም። የኮሚቴው የመጀመሪያ ስብሰባም በአቶ ሉቅማን ቤት፣ አብረን ጫት በምንቅምበት በርጫ ላይ ተካሄደ። ከጫቱ የተራገፈው ገረባ ሲከመር፣ ላቡ ሲደርቅ፣ ምርቃናው መጣ። ይህ ያልተጀመረ ሕንፃ ሁሉ አልቆ የሚታይበት፣ ማንም ሰው ማንንም የማይጠላበት የተባረከ ሰዓት ነው።

«ወንድሞቼ» አሉ አቶ ሉቅማን በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጥያቄው የስልክ አይደለም። ጥያቄው እኛ ማን ነን የሚል ነው። አሮጌውን ቆሻሻ አዲስ ቤት ውስጥ እንጭናለን? የለም። እንደ አዲስ እንጀምር። አዲስ ስልክ፣ አዲስ ሰው፣ አዲስ መሥሪያ ቤት።»

አቶ ሽመክት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ከዛሬ ጀምሮ በሬ ክፍት ነው» አሉ። «ባለጉዳይ ቀጠሮ አይሰጠውም።» አቶ ገብረወልድ እንኳ እግር የሌላቸውን ወንበሮች ነገ አስወግዳለሁ ብለው ማሉ። በሙሉ ድምፅ እንደ አዲስ እንዲጀመር ተወሰነ። ቢሮ ስንመለስ ሙኒያ አስጀመረችው። ስልኩ አዲስ የይለፍ ቃል ጠየቀ። የይለፍ ቃሉ የመሥሪያ ቤቱን ራእይ የሚገልጽ መሆን አለበት ተባለና ስንጨቃጨቅ መውጫ ሰዓት ደረሰ።

በማግሥቱ ጠዋት የገባነው ሰዎች ሌሎች ነበርን። ፊታችን ጠቁሯል፣ ማንም ማንንም ሰላም አይልም። አቶ ሽመክት ሙኒያን አስጠሩ።

«እንደ አዲስ ከጀመርን የባለቤቴ ወንድም ቁጥር ይጠፋል?»

«ይጠፋል።»

«እሱ ይጥፋ። የበላይ አካሉስ?»

«የሳቸውም ይጠፋል።»

አቶ ገብረወልድ ከወንበራቸው ተነሱ። በየማለዳው «መልካም ቀን ይሁንልዎ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የአበባ ሥዕሎች ለኃላፊው ሲልኩ ዓመታት አልፈዋል። «እነዚያ አበቦች የተቋሙ ቅርስ ናቸው» አሉ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ምን ይሏቸዋል? ሰው በሕይወቱ የደከመበት ነገር ነው። ወዲያው በሙሉ ድምፅ ሁሉም ነገር ከባክአፕ እንዲመለስ ተወሰነ፤ ሙኒያም ስልኩን አጥፍታ ከመጀመሪያው ጀመረች።

መመለሱ ጊዜ ይፈጃል። የቢሯችን ኢንተርኔት አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሄዳል፤ ስልኩም ይግላል። የአሮጌውን ዕጣ እንዳይቀምስ ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ ማራገቢያ እንዲመደብለት ወሰነ። ያለን ማራገቢያ አንድ ነው፤ እሱም ባለጉዳይ መጠበቂያው ውስጥ ነበር። አቶ ገብረወልድ በሰነድ ተረክበው ወደ ስልኩ አዛወሩት።

«ማራገቢያው የት ሄደ?» አለች ሃዎ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን እያራገበች።

«ለስልኩ ነው፣ አባዮ» አለች ሙኒያ እንደ ታላቅ እህቷ ጠርታት፣ አንገቷን ደፍታ።

«አሞታል?»

«እየተመለሰ ነው።»

«እኔም ልመለስ ነበር የመጣሁት» አለች ሃዎ፤ ከጎኗ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ምስሩን ነቀዝ እንዳይበላው በየማታው እያሰጣች እንደምታገላብጠው ለሙኒያ ስትነግራት ሰምቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው። ነገር ግን አንጀት በመሥሪያ ቤታችን መዋቅር ውስጥ አልተካተተም።

ስልኩ ተመልሶ ሳያልቅ ምሳ ሰዓት ሆነ። ከምሳ በኋላ በርጫ ሆነ። በርጫ ላይ አቶ ሉቅማን «በጠዋቱ በደካማነታችን ተሸንፈናል» ብለው አለቀሱ፤ እኛም አለቀስን። እንደ አዲስ እንዲጀመር ወሰንን። ተመልሰን አስጠፋነው። ጠዋት የበላይ አካሉ ቁጥር ትዝ አለን። ከባክአፕ እንዲመለስ ወሰንን። ከሰዓት ደግሞ ታደስን። እንዲህ እያልን የአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ከምሳ በፊት ወግ አጥባቂ፣ ከምሳ በኋላ አብዮተኛ ሆነን፣ ሁለቱንም በሙሉ ድምፅ እያጸደቅን ሰነበትን። ሙኒያ ስልኩን ማብራትና ማጥፋት ብቻ ሥራዋ ሆነ። የሚገርመው በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የተቃውሞ ድምፅ አልተመዘገበም፤ ይህን ያህል ስምምነት በየትኛው ተቋም እንደሚገኝ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በምርቃና እያበራን ስንገባ ሃዎ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። አቶ ሽመክት ሁለት እጇን ያዙ።

«ሃዎ፣ እህቴ፣ አንቺ እኮ ነሽ አለቃችን» አሉ። «ሳምቡሳ ቤትሽን ራሴ መጥቼ ነው የምመርቀው።»

«ጠዋት አላውቅሽም አልከኝ።»

«ጠዋትን ተዪው። ጠዋት ጨለማ ነው።»

«እሺ አሁን ቁጥሩን ስጠኝ።»

«አሁን ስልኩ ጠፍቷል» አሉ በፍቅር።

ጨረቃ ታየችና ረመዳን ገባ። የሰው ሁሉ ሥርዓት ተለወጠ፤ የአቶ ሉቅማን የከሰዓት በርጫም ተቋረጠ። መቋረጡ በሽግግሩ ላይ የሚያመጣውን ውጤት ከኮሚቴው አባላት አንዱም አልገመተም። ጠዋት፣ እንደ ወትሮው ፊታችን ጠቁሮ፣ ከባክአፕ ይመለስ ብለን ወሰንን። ከሰዓት ሆነ። የሚያለቅስ የለም። የሚያድሰን የለም። ውሳኔው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሻር መሸ፤ ስልኩም ተመልሶ አለቀ።

በማግሥቱ የምረቃ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ተመልሷል። የበላይ አካሉ ቁጥር አለ። የአቶ ገብረወልድ አበቦች አሉ፤ እሳቸውም አንድ በአንድ እያዩ «ይቺን የላክሁልዎ ስብሰባ ውስጥ ተኝተው የነበረ ጊዜ ነው» ይሉ ነበር። አቶ ሽመክት ንግግር አደረጉ። «ያለፈውን የማይረሳ ተቋም ገንብተናል» አሉ፤ ተጨበጨበ።

ያኔ ሃዎ ተጠራች። ሙኒያ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች፣ ቁልፎቹን ነካካች፣ ደግማ ነካካች።

«ምን ሆነ?» አሉ አቶ ሽመክት።

«ማመልከቻው በወቅቱ ስላልጸደቀ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰርዞታል።»

«ይመለስላታ።»

«የባለጉዳይ ባክአፕ የለንም» አለች ሙኒያ።

አቶ ሽመክት ወደ አቶ ሉቅማን አዩ፤ አቶ ሉቅማን ወደ ጣሪያው አዩ። ከዚያ ኃላፊው ኮታቸውን አስተካክለው ለሃዎ ስለ አዲስ ጅማሮ ጥቅም ማስረዳት ጀመሩ። ባዶ ሆኖ መጀመር ሰውን ያቀልላል አሉ። ብዙ ታላላቅ ነገሮች ከባዶ ነው የተነሱት አሉ። ፎርሙ ታች ቢሮ ቁጥር ሦስት ይገኛል አሉ።

ሃዎ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። «ያንተ አበባ ተመለሰ» አለች። «እኔን እንደ አዲስ።» ወጣችም። ሙኒያም ማራገቢያውን ነቅላ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ወደ መጠበቂያው ወሰደችው።

ይህ የሆነው ጠዋት ነው። አመሻሹ ላይ ከቢሮ ስንወጣ የኒሙ ዛፍ ሥር ሰልፍ አየን። ሃዎ ከሰል አቀጣጥላ፣ ሰፊ ብረት ድስት ጥዳ፣ የምስር ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ገዢዎቿ በአግዳሚው ላይ አብረዋት የከረሙት ባለጉዳዮች ናቸው፤ መንገዱን ያውቁታል፣ መጠበቅም ለምደዋል። ፈቃድ የላትም። ደንብ አስከባሪዎቹ መጥተው ነበር፤ እነሱም ሰልፉ ውስጥ ናቸው። በነጋታው ደግሞ ሰልፉ ረዝሞ የመሥሪያ ቤቱን በር አለፈ።

በዚያ ቀን ጾሙ የጠናባቸው አቶ ሉቅማንና ቀኑን ሙሉ ቁርስም ምሳም ያልቀመሱት አቶ ሽመክት ሽታው ጎትቷቸው ተሰለፉ። እኔም ከኋላቸው ቆምኩ። በክብር ወደ ፊት የሚያሳልፋቸው ሰው አልተገኘም። ተራቸው ሲደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል።

ሃዎ ቀና ብላ አየቻቸው። ፊቷ ላይ ቂም የሚመስል ነገር አላየሁም። «ከትናንት የተረፈች አለች» አለች በትሕትና። «እሷን ላሙቅላችሁ ወይስ እንደ አዲስ ልጥበስ?»

አቶ ሽመክት ወደ ድስቱ ጎንበስ አሉ። «የትኛው ነው የሚሻለው?» አሉ።

«እንደ ፍላጎትህ ነው።»

«የትናንቱ ይደርሳል» አሉ አቶ ሽመክት ወደ አቶ ሉቅማን ዞረው።

«አዲሱ ግን ትኩስ ነው» አሉ አቶ ሉቅማን። «በመርህ ደረጃ ካየነው...»

«በመርህ ደረጃ እስማማለሁ። ከጊዜ አንጻር ግን...»

ሃዎ በእጇ ገለል አደረገቻቸውና ከኋላቸው ላለነው አስተናገደች። እኔ አዲሱንም የትናንቱንም ወሰድኩ። አዛን ተሰማ። ሰዉ ቴምሩን አፉ ውስጥ ከተተ፣ ሳምቡሳውን ገመጠ። ሁለቱ አለቆቼ በመጨረሻ በሙሉ ድምፅ ተስማምተው ወደ ድስቱ ሲመለሱ ሃዎ ከሰሉ ላይ ውኃ እየረጨች ነበር።

«አለቀ» አለች። «ነገ እንደ አዲስ ተሰለፉ።»