መሸኛሽን አምጪ

አዳም የተበጀው ከአፈር ሳይሆን ከወረቀት ነው፣ ነፍስ የዘራበትም ክብ ማኅተም ነው ብሎ የሚያምን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ስሙ ይለያይ እንጂ መነጽሩ፣ የቁልፍ ዘለላውና “ነገ ተመለስ” ማለቱ አንድ ነው። ደብረ ብርሃን ዳር ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን መንበር የያዙት የሪከርድ ክፍሉ ሹም፣ የማኅተሙ ባለ አደራ፣ ክቡር ጋሽ መኮንን ናቸው።

ትምህርት ቤቱ የቆመበት ቦታ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገብስ ማሳ ነበር። ፋብሪካው መጣ፣ ኮንዶሚኒየሙ ተከተለ፣ ቀጥሎ ከወለጋ የተፈናቀለው ሕዝብ አጠገቡ በተሠራ መጠለያ ሰፈረ፤ ተማሪው ከሦስት መቶ ተነሥቶ ሦስት ሺህ ገባ። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ሆነ፣ የመምህራን ማረፊያው ክፍል ሆነ፣ አንድ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ ተጣበቀ። በዚያ ብርድ መጣበቁን የጠላም አልነበረም። ሳይነካ የቀረው የጋሽ መኮንን ቢሮ ብቻ ነው።

አዲሱ ርእሰ መምህር በመጀመሪያ ቀኑ የምደባ ደብዳቤውን ቤቱ ረስቶ ቢመጣ፣ “ማን መሆንዎን በምን ልወቅ?” ብለው ደብዳቤው ተፈልጎ እስኪመጣ ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውታል። የእህታቸው ልጅ ጉርድ ፎቶው ላይ ፈገግ ብሏል ተብሎ ሁለቴ ተመልሷል። አንድ ገበሬ ደግሞ ልጁን ሊያስመዘግብ ከደነባ መጣ። የልደት ካርዱ “ኀይሉ” በብዙኃኑ ኀ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱ “ሀይሉ” በሃሌታው ሀ ይላሉ። ጋሽ መኮንን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ የሚማረው የትኛው ነው ብለው ጠየቁት። ሰውየው ዞር ብሎ ልጁን አየው፤ ለአፍታ እሱም የተጠራጠረ መሰለ። ለከሰሳቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።”

የሂሳብ መምህርቷ ትርሲት እንደ ሰው ሁሉ ስትስቅባቸው ኖራ፣ ሳቁ የመረራት ፈሂማ በመጣች ዓመት ነው።

ፈሂማ ከመጠለያው የመጣች፣ አሥራ አንደኛን ጨርሳ ለአሥራ ሁለተኛ የደረሰች ልጅ ናት። ከሌላ ትምህርት ቤት የሚዛወር ተማሪ ከነበረበት መሸኛ ይዞ ይመጣል፤ መሸኛ ከሌለው አይመዘገብም። እሷ የተማረችበት ትምህርት ቤት ደግሞ ከነመዝገቡ ተቃጥሏል። መስከረም ላይ ትርሲት ራሷ ይዛት ሪከርድ ክፍል ገባች።

“መሸኛሽን አምጪ” አሏት ጋሽ መኮንን።

“የለኝም ጋሼ።”

“ሄደሽ አምጪያ። ተማሪ ሳይሸኝ አይወጣም።”

ፈሂማ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። “እኛን የሸኘን የለም ጋሼ፤ እዚያ ያሉት ያባረሩን ናቸው። ከነሱ ነው የማመጣው?”

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው ሲያደርጉት መመሪያው እዚያው ነበር።

ትርሲት ግን ክፍሏ አስገባቻት፤ ከስም ዝርዝሩ ግርጌ በእርሳስ ጻፈቻት፤ ሌሎቹም መምህራን ተከተሏት። ልጅቷ ሰማንያ ሁለት ተማሪ ባለበት ክፍል የኋላ ዴስክ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ በሂሳብ አንደኛ ወጣች። ሐሳቧ ዘንድሮ ብሔራዊ ፈተናውን ወስዳ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው፤ ከመጠለያው የሚያወጣ ሌላ በር አልታያትም። ለፈተናው ለመመዝገብ ግን ስሟ ከጋሽ መኮንን መዝገብ ላይ መገኘት ነበረበት።

የመጠለያው ሽማግሌዎች መስክረው ፈረሙላት፤ ጋሽ መኮንን አንብበው፣ ምስክርነት መሸኛ አይደለም አሉ። ርእሰ መምህሩ ይመዝግቧት ቢላቸው፣ በደብዳቤ ይዘዙኝ አሉት፤ እሱም መርማሪ የመጣ ቀን የሚጠየቀው ራሱ መሆኑን አስቦ ሳይጽፍ ቀረ። ጥር ላይ የፈተናው ምዝገባ ተዘጋ። ፈሂማ የለችበትም።

ያን ዕለት ትርሲት ቢሮአቸው ገብታ ለታላቅ የማይነገር ተናገረቻቸው። ልብ የለዎትም፣ የልጅ ዕድሜ በወረቀት ገነዙ አለቻቸው። እስክትጨርስ ሰሟት። “በጽሑፍ አቅርቢ” አሏት።

ወር ሳይሞላ የፈሂማ አባት አረርቲ ሥራ አገኙና ቤተሰቡ ሊሄድ ሆነ። ትርሲት ልትሸኛት መናኸሪያ ወጣች። አውቶቡሱ ሊሞላ ሲል ጋሽ መኮንን እያለከለኩ ደረሱ። በሥራ ሰዓት ከቢሮ ሲወጡ ያያቸው ሰው የለም። በአንድ እጃቸው ፖስታ፣ በብብታቸው ትልቁን የወጪ ደብዳቤዎች መዝገብ ይዘዋል።

ፖስታው ውስጥ መሸኛ ነበር። ፈሂማ የትምህርት ቤቱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ መሆኗን፣ ጠባይዋም እጅግ መልካም መሆኑን ይናገራል። መምህራኑ በእርሳስ የያዙት ውጤት አንድም ሳይጎድል ተገልብጦ ክብ ማኅተም አርፎበታል። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመናቸው አንድ ሐሰት ጽፈው የማያውቁት ሰው፣ ተመዝግባ ለማታውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ጻፉ፤ ያውም ፊደሉን አሳምረው።

“የሚመረምሩት የሚገባውን ነው” አሉ፣ ትርሲትን ሳያዩ። “የሚወጣውን የሚጠይቅ የለም። ለከርሞ አረርቲ ትፈተናለች።”

ለከርሞ። ትርሲትን ያንገበገባት ይኼ ነው። ሐሰቱ ላይቀር መስከረም ላይ ቢጽፉት ኖሮ ልጅቷ ዘንድሮ ትፈተን ነበር። ልትናገራቸው አፏን ስትከፍት ጋሽ መኮንን መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ለልጅቷ እስክሪብቶ አቀበሏት።

“መቀበልሽን እዚህ ላይ ፈርሚ።”

“አላህ ይስጥልኝ ጋሼ” ብላ ፈረመች። የፈሂማ ስም በዚያ ትምህርት ቤት መዝገብ የሰፈረው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በሚወጡት ውስጥ።

አውቶቡሱ ከዓይን እስኪሰወር ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ትርሲት ያን ሰዓት ሰውየውን ጠላቻቸው፣ ወደደቻቸውም፤ ሁለቱም እውነት ነበር። ይቅር አላለቻቸውም። መዝገቡ ከባድ ነበርና ልያዝልዎት አለቻቸው፤ ሳያስፈርሟት ሰጧት።