ኢድሪስ የለበሰው ሦስት ድርብ

ምክርና ቡጢ ለሰጪው ይቀላል ይባላል። ከሁለቱ ግን ቡጢ ይሻላል፤ ሰው ቡጢ ሲሰነዘርበት ጎንበስ ይላል፣ ምክር ሲሰነዘርበት ግን ያመሰግናል። መቼም ደጋ ተወልዶ ቆላ የወረደ ሰው አታጡም፤ ያ ሰው ስለ ብርድ ማውራት ከጀመረ የሚያስቆመው የለም። እኔም እንደዚያ ነበርሁ። ብርድን የፈጠርሁት እኔ እመስል ነበር።

አሶሳ በወረድሁ በዓመቱ ከአገሩ ሹም ሯጮች ማኅበር ገባሁ። ሥራው ደብዳቤ በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ እስከ ወለጋ ደጋ መሮጥ ነው። እግሬ ለሩጫ አልተፈጠረም፤ ነገር ግን "ደጋውን አውቃለሁ" ስላልሁ ተቀበሉኝ። በአገራችን የሚያውቅ ሰው ሩጥ አይባልም።

የሯጮቹ አለቃ ኢድሪስ የሚባል የበርታ ሰው ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ኮቴው የማይሰማ። ታዲያ ይህ ሰው ልብሱን አይለብስም! ጀለቢያውንና ጋቢውን ጠቅልሎ በቁርበት ያስርና በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ይሮጣል። የሚለብሰው ሲያርፍ፣ ላቡን አብሶ ነው። ሌሎቹም እንደ እሱ ናቸው። ይህን ባየሁ ጊዜ ከልቤ አዘንሁላቸው።

"ኢድሪስ፣ ብርድ የሚይዘው አናትህን ብቻ ነው እንዴ?" አልሁት።

"እኔ ሲሮጥ ልብስ ይተኛል፤ እኔ ሲተኛ ልብስ ይሠራል" አለኝ በተሰባበረ አማርኛው።

ሯጮቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አዋቂ አይስቅም።

በሐምሌ መልእክት መጣና ለሁለታችን ደረሰን። ኢድሪስ ካለፈው መንገድ ይዞት የመጣው ሳል ገና አልለቀቀውም። ስንነሣ ሚስቱ ሐዋ እስከ አጥሩ ሸኘችን።

"አንተ ደጋ ሰው ነው፤ ብርድ ያውቃል" አለችኝ። "ኢድሪስ ብርድ እንዳይነካው፣ ወላሂ አደራ!"

አደራ ተብሎ ዝም የሚል ደገኛ የት ይገኛል? እዚያው አጥሩ ሥር ጥቅሉን አስፈታሁት። የእኔን ትርፍ ጥብቆ ከሥር፣ ጀለቢያውን በላዩ፣ ጋቢውን ከሁሉ በላይ። እኔም እንደዚያው ለበስሁ። "ሦስት ድርብ ብርድ አያልፈውም" አልሁ። ኢድሪስ ሚስቱን አየ፤ ደስ ብሏታል። እሷን ብሎ ለበሰ እንጂ እኔን ብሎ አይደለም።

ባምባሲን ሳናልፍ ላቡ በጋቢው ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር።

"ወንድሜ፣ ላውልቅ?"

"አደራ አለብኝ" አልሁት።

ደጋው አፋፍ ላይ እኔን ሊጠብቅ ቆመ። እኔ ሩቅ ነበርሁ። ነፋሱ ግን ቅርብ ነበር። በራሱ ላይ ጥቅል የለም፤ ደረቅ የነበረው ልብስ ሁሉ ገላው ላይ ረጥቧል። እያለከለክሁ ስደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ እንደዚያም ሆኖ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይዟል።

አንተስ ምን ሆንህ ትሉኛላችሁ። ምንም አልሆንሁም። የሚያልበው የሚሮጥ ሰው ነው።

ደብዳቤውን የደጋው ሯጭ ተቀብሎ ሄደ። ኢድሪስን ከአካባቢው ሰዎች ጋር በቃሬዛ ወደ ባምባሲ አወረድነው፤ በአራተኛው ቀን እዚያ አረፈ። የመንደሩ እስላሞች አጥበው በነጭ አቡጀዲ ገነዙት፤ አንድ ሲያለብሱት ይበቃል ብዬ ነበር፣ ሁለተኛ ጨመሩ፣ ሦስተኛ ደገሙ። ለወንድ ሥርዓቱ ሦስት ነው አሉኝ።

አሶሳ ስመለስ ሐዋ አጥሩ ሥር ቆማለች። ወሬው ቀድሞኛል። ትሰድበኛለች ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ ግን አልተሳደበችም።

"ሦስት አለበሱት?" አለች።

"ሦስት አለበሱት።"

"ደረቅ ነው?"

"ደረቅ ነው" አልኋት።

በዕድሜዬ ስለ ልብስ ከተናገርሁት ሁሉ እውነት የሆነው ይኸው አንዱ ነው።