ጳጉሜን ሁለት የሚመልስ ሬዲዮ

በመካነ ሰላም ከተማ፣ ትሕትናው ስሙን እንዳንጠራ የሚከለክለን አንድ መሥሪያ ቤት አለ። እኔ የዚህ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ነኝ። ሥራዬ የተሠራውን ማመስገን፣ ያልተሠራውን ደግሞ አስቀድሞ ማመስገን ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች የምተርከው ሁሉ ምስጋና መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

ነገሩ የተጀመረው ሃሩን ከጅዳ በተመለሰ ጊዜ ነው። ሌላው ተመላሽ ፍሪጅና ብርድ ልብስ ጭኖ ሲገባ፣ እሱ ሦስት የመገናኛ ሬዲዮ ይዞ መጣ። እዚያ ሳለ ከአማተር ሬዲዮ ወዳጆች ጋር ገጥሞ፣ ሽቦ ዘርግቶ ተራራ አሻግሮ ማውራት ለምዶ ነበር። ፈቃዱን አስጨርሶ አንዱን እኛ ቢሮ፣ አንዱን አምቡላንሱ ውስጥ፣ ሦስተኛውን ከአቀስታ መንገድ ወደ ገደሉ በምትወርድና ስልክ በማይሠራባት ቀበሌ ጤና ኬላ ተከለው። ምጥ የያዛት እናት ስትኖር የጤና ኤክስቴንሽኗ ዓባይነሽ ትጠራለች፤ እኛ አምቡላንስ እንልካለን። ለሙከራ ዓባይነሽ ከታች «ይሰማል?» አለች፤ ተሰማ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ግን ለመሥሪያ ቤት ክብር አይመጥንም።

ኃላፊያችን አቶ ባህሩ «ሠንጠረዥ የሌለው ሥራ ባለቤት የለውም» ሲሉ አስተማሩን። ሃሩን የሞከርነውም ያለበትን የሞገድ ቁጥሮች ዝርዝር ትቶልን ነበር፤ ዝርዝሩ ግን ለሌላ ዓይነት ሬዲዮ የተሰናዳ ስለሆነ፣ የእኛ ሬዲዮ እንዲያነበው በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ውስጥ ዓምዶቹን ማዟዟር ያስፈልጋል። የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ በመሆኑ ኮሚቴ ተቋቋመለት። ሃሩን ለጉዳይ አዲስ አበባ ወርዶ ስለነበር የኮምፒውተር ባለሙያችን ምስክር ዝርዝሩን ሠንጠረዡ ላይ ገለበጠው።

ሠንጠረዡም የበኩሉን ተወጣ። ነጥብ ያለበትን ቁጥር ሁሉ ቀን አድርጎ ወሰደው። ሰባት ነጥብ ዐሥር የነበረው ሞገድ ኦክቶበር ሰባት ሆኖ ቁጭ አለ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይደነግጥ ነበር። ኮሚቴያችንም ደንግጧል፤ የደነገጠው ግን ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። የራሱ ዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ በሰው ቀን አይነጋገርም ተብሎ፣ ሞገዶቹ አንድ በአንድ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመለሱ። ሰባት ነጥብ ዐሥር መስከረም ሃያ ሰባት ዋለ። ሰባት ነጥብ ዜሮ ዘጠኝ ጳጉሜን ሁለት፣ ዐሥር ነጥብ ዐሥራ ሁለት ታኅሣሥ አንድ። አቶ ባህሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ፈረንጅ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የለው፤ እኛ ሞገድ ሳይቀር አስገባንባት።

ከዚያ ማጣራት መጣ። መስከረም ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ስለሆነ ሥራ አይሠራበትም ተብሎ ተሰረዘ፤ ዓባይነሽ «ይሰማል?» ያለችበት ሞገድ እሱ ነበር። ታኅሣሥ አንድም ልደታ ናት፤ ጉዳዩ የወሊድ ጉዳይ በመሆኑ ግን በልዩ ሁኔታ አለፈች። ምስክር መሀል ላይ ጥርጣሬ ቢገባው ለሃሩን ደወለ። ሃሩን በስልክ «ወላሂ ቀን አይደለም፣ ቁጥር ነው! ከመገልበጥህ በፊት ዓምዱን ‹ጽሑፍ› አድርገው» እያለ ሲጮህ አቶ ባህሩ ስልኩን ተቀበሉት።

«ልጄ፣ ቀንስ ቁጥር አይደለም?» ብለው ዘጉበት።

መመሪያው በአቶ ባህሩ ፊርማ ወጣ። መስማት በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ መነጋገር ግን በሠንጠረዡ ቀን ብቻ። ከቀኑ ውጭ ለሚጠራ ሰው ቀጣዩን ቀን መንገር ይፈቀዳል። ሠንጠረዡ በላስቲክ ታሽጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ አንድ ቅጂ አቶ ባህሩ ይዘው ለልምድ ልውውጥ አቀስታ ሄዱ። የሄዱት በአምቡላንሱ ነው፤ ሌላ መኪና አልነበረንም።

እሳቸው በሚመለሱበት በሐምሌ ቀን፣ በታችኛው ቀበሌ በዛች ምጥ ያዛት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ደም በዝቶባታል። ዓባይነሽ ጠራች። የሬዲዮ ሠራተኛችን ሙሉሐረግ የተፈቀደላትን መለሰች፦ «ቀጣዩ ጳጉሜን ሁለት ነው።»

«እስከዚያ ትሞትብኛለች እኮ።»

ሙሉሐረግ መመሪያውን ትታ «አብሽሪ፣ መኪናው አቀስታ ነው፤ ወደ መንገዱ አውጧት» አለቻት። ለዚህችው ዓረፍተ ነገር በኋላ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የሰማሁትን ልመዘግብ የሪፖርት ቅጹን አወጣሁ። ቅጻችን ላይ ግን የ«ትሞትብኛለች» ዓምድ የለም።

ጎረቤት በዛችን በቃሬዛ ተሸክሞ በዝናብ ዳገቱን ወጣ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ አምቡላንሱ እስከ ግማሽ ጎማው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ አቶ ባህሩም የሬዲዮውን መነጋገሪያ አፋቸው ላይ ደቅነው አገኟቸው። ትራክተር እንዲላክላቸው እየተጣሩ ነበር። ከመካነ ሰላም የሙሉሐረግ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«ቀጣዩ ጳጉሜን ሁለት ነው።»

«እኔ ነኝ! ባህሩ ነኝ!»

«ድምፅዎን አውቄዋለሁ፣ ጋሽ ባህሩ። ፊርማዎንም አውቀዋለሁ።»

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው። ዓባይነሽ አቶ ባህሩን «ይውረዱልኝ» ብላ በዛችን አስገባች። እሳቸው በላስቲክ የታሸገውን ሠንጠረዥ ራሳቸው ላይ ደፍተው ዝናቡ ውስጥ ቆሙ። ተሸካሚዎቹ መኪናውን እየገፉ ሳለ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ናት። እናትየውም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሆስፒታል ደርሳ ተረፈች።

በማግስቱ ግምገማ ተቀመጥን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ በሰፊው ከተመከረ በኋላ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች ስለ ሠንጠረዡ ግንዛቤ የሌላቸው መሆኑ ተደረሰበት። ቀኑን አውቀው እንዲወልዱ ለእያንዳንዳቸው በላስቲክ የታሸገ ቅጂ እንዲሰጥ ተወሰነ። የመጀመሪያው ለበዛች ደረሰ።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ወርጄ ነበር። ላስቲኩ ጥሩ ነው፤ ውሃ አያሳልፍም። በዛች ልጇን ስታስተኛ ፍራሹ እንዳይርስባት ከሥሯ ታነጥፈዋለች፤ ሲቆሽሽ ታጥበዋለች። እኔም የዓይኔን ምስክርነት ይዤ ተመልሼ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ እንዲህ ስል አሰፈርኩ፦ «ሠንጠረዡ እስከ ታችኛው እርከን ወርዶ ቀንና ሌሊት አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል።»